ፓርኩር፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ግንብ ላይ ስንጠለጠል ያየኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አትፈራም እንዴ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ጣራ ላይስ ትዘላለህ?» ይመጣል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከወላጅ የሚመጣ ነው፤ «ልጄ ቪዲዮ አይቶ ካልዘለልኩ እያለ አስቸገረኝ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚል። መልሶቼን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። በቅደም ተከተል ማንበብ የለባችሁም። የጓጓችሁበት ጥያቄ ላይ ዘላችሁ ሂዱ፤ ጉዳዩም የመዝለል አይደል።

ፓርኩር ምንድን ነው?

ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ መድረስ ነው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። መሀል ላይ ግንብ ካለ አይዞሩትም፤ ይወጡታል። አጥር ካለ በላዩ ያልፋሉ። ክፍተት ካለ ይሻገሩታል። ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው መሣሪያ የራስ አካል ብቻ ነው። ገመድ የለም፣ መሰላል የለም፣ የተሰመረ ሜዳም የለም።

እንዲያው መዝለል ብቻ ግን አይደለም። አንድ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው የሚባለው ፈጣን ሲሆን፣ ጉልበት ሲቆጥብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው ካረፈ በኋላ ሩጫውን መቀጠል ሲችል ነው። ግሩም ዝላይ ዘሎ እያነከሰ የሚሄድ ሰው ፓርኩር ሠራ አይባልም። ወደቀ ነው የሚባለው፤ ትንሽ ባማረ ሁኔታ።

ስሙስ ከየት መጣ?

ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች ወታደር የሚሠለጥንበትን የመሰናክል ሜዳ «ፓርኩር ዱ ኮምባታን» ይሉታል፤ የተዋጊው መንገድ እንደማለት ነው። ዴቪድ ቤል የተባለው ወጣት በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከተዋናይ ጓደኛው ከኡበር ኩንዴ ጋር ሆኖ ቃሉን ለስፖርቱ ወሰደው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ያለውን «ሲ» በ«ኬ» ተኩት፤ መጨረሻ ላይ ያለውን የማይነበብ «ኤስ» ቆረጡት። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ይህ ሁሉ ጣጣ አይታይም፤ ድሮም ፓርኩር፣ አሁንም ፓርኩር።

የሚሠራው ሰው «ትራሰር» ይባላል። መስመር የሚያሰምር ማለት ነው።

ማን ጀመረው?

አንድ ሰው አይደለም። ታሪኩ ሦስት ትውልድ ይነካል።

የመጀመሪያው ዦርዥ ኤቤር ነው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን። በ1902 ማርቲኒክ ደሴት ላይ ፔሌ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሳን ፒዬርን ከተማ ሲያጠፋ ከነፍስ አዳኞቹ መካከል ነበር። ኤቤር በኋላ «ተፈጥሯዊው ዘዴ» የተባለ የሥልጠና ሥርዓት አወጣ። መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በአራት እግር መሄድ፣ መውጣት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ ማንሳት፣ ራስን መከላከልና መዋኘት ናቸው ክፍሎቹ። መፈክሩ «ጠቃሚ ለመሆን ጠንካራ ሁን» የሚል ነበር። የፈረንሳይ ጦር የመሰናክል ሜዳዎች ከእሱ ሐሳብ ብዙ ወስደዋል።

ሁለተኛው ሬሞን ቤል ነው። ቬትናም በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች እዚያ ተወለደ። በጦርነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ዳላት በሚገኝ የወታደር ልጆች ማሳደጊያ ገባ። እዚያ ደካማ ሆኖ መኖር እንደማያዋጣ ስለገባው ሌሎቹ ሲተኙ እሱ እየተነሳ መሮጥ፣ ዛፍ መውጣትና መዝለል ይለማመድ ነበር። ኋላ ፈረንሳይ ሄዶ የፓሪስ እሳት አደጋ መከላከያ ባልደረባ ሆነ። ለእሱ ግንብ መውጣት ጨዋታ አልነበረም፤ እንጀራው ነበር።

ሦስተኛዎቹ ልጆቹ ናቸው። የሬሞን ልጅ ዴቪድ፣ የተወለደው በ1973 ነው፣ አባቱ የነገረውን ይዞ ከፓሪስ በስተደቡብ ባሉት በሊስና በኤቭሪ ከጓደኞቹ ጋር መለማመድ ጀመረ። ሊስ ውስጥ «ዳም ዱ ላክ» የሚባል፣ ፒዬር ሴኬሊ የተባለ ቀራፂ የሠራው ትልቅ የኮንክሪት መወጣጫ አለ። ልጆቹ ከሚወጡባቸው ቦታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነው፤ ዛሬም የስፖርቱ ሰዎች ልክ እንደ ታሪካዊ ቦታ ሊያዩት ይሄዳሉ። በ1997 ከእነዚህ ልጆች ዘጠኙ «ያማካሲ» የሚል ቡድን አቋቋሙ። ቃሉ ኮንጎ ውስጥ የሚነገረው የሊንጋላ ቋንቋ ነው፤ ጠንካራ ሰው፣ ጠንካራ አካል፣ ጠንካራ መንፈስ የሚል ትርጉም ይሰጡታል። ከዘጠኙ መካከል ዴቪድ ቤል፣ ሴባስቲያን ፉካን፣ ያን ኖትራና ዊሊያምስ ቤል ይገኙበታል። ብዙ ሳይቆዩ ተለያዩ። ዴቪድ «ፓርኩር» የሚለውን ስም ይዞ ሄደ። የቀሩት «የመንቀሳቀስ ጥበብ» የሚለውን መረጡ።

ፍሪራኒንግ የሚባለውስ?

ወንድሙ ነው። ስሙ የታወቀው በ2003 ሴባስቲያን ፉካን በለንደን ሕንፃዎች ላይ ሲንቀሳቀስ ያሳየ ዘጋቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ነው። ፉካንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በ2006 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም መጀመሪያ ላይ፣ ክሬን ላይ ሳይቀር እየወጣ ሲሸሽ ነው።

ዛሬ ሰዎች ሲለዩት፣ ፓርኩር ቶሎ መድረስን ያያል፤ ፍሪራኒንግ ደግሞ መገለባበጥንና መሽከርከርን ጨምሮ ራስን መግለጽን። በተግባር ብዙዎቹ ሁለቱንም ይሠራሉ። «እኔ ፓርኩር ነኝ፣ አንተ ፍሪራኒንግ ነህ» የሚለው ክርክር በአንድ ወቅት በጣም የጦፈ ነበር። አሁን ሰው ደክሞታል፤ እኔንም።

ጣራ ላይ መዝለል ግድ ነው?

አይደለም። በጭራሽ አይደለም።

ቪዲዮ ላይ የምታዩት ዝላይ አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ከጀርባው ያለው ግን ማንም የማይቀርጸው ነገር ነው፦ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወደ ጠርዝ፣ ከሽንጥ በማይበልጥ ግንብ ላይ፣ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ የተሠራ ያው ዝላይ። ሁለት ሜትር ርቀት መሬት ላይም ሁለት ሜትር ነው፤ ጣራ ላይም ሁለት ሜትር ነው። የሚለየው ስትስቱ የምትከፍሉት ዋጋ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ልምምድ ዋጋው ርካሽ የሆነበት ቦታ ላይ ይሠራል። በዕድሜ የበሰሉ ትራሰሮች ቀናቸውን ሙሉ ከጉልበት በማይበልጥ ነገር ላይ ሲያሳልፉ ብታዩ አይግረማችሁ።

ከከፍታ ወርደው እንዴት አይሰበሩም?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። አስማት የለበትም፤ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው።

ከ1 ሜትር ከፍታ የወረደ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው። ከ3 ሜትር ከሆነ በሰከንድ 7.7 ሜትር፤ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያን ፍጥነት የሆነ ቦታ ማጥፋት አለባችሁ። ጥያቄው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ታጠፉታላችሁ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ1 ሜትር ወረደ። እግሩን እንደ እንጨት አድርቆ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ፣ አካሉ የሚሸከመው አማካይ ጫና የክብደቱን 11 እጥፍ ነው፤ 770 ኪሎ ጀርባው ላይ እንደመጫን። ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን ተራ በተራ እያጠፈ በ50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ ግን ጫናው ወደ 3 እጥፍ ይወርዳል። ያው ሰው፣ ያው ከፍታ። የተለወጠው አስተራረፉ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ማረፍን የምንማረው። ክብደቱን የሚቀበለው ከጣቶች ሥር ያለው ወፈር ያለ የእግር ክፍል ነው፤ ተረከዝ ወይ አይነካም ወይ በስሱ ነው የሚነካው። ጉልበት ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከእግር ጣት ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል። እስከ ጥግ ድረስ ቁጢጥ አይባልም፤ ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፣ ከአገጭ ጋር የመጋጨት ዕድልም አለ። የሁሉም መለኪያ ደግሞ ጆሮ ነው። «ዷ!» ካለ ተሳስታችኋል። እንደ ድመት ኮቴ ሳይሰማ ካለፈ ልክ ናችሁ።

መንከባለሉስ ለምንድን ነው? ለማማር ነው?

ለማማር አይደለም። ከፍ ካለ ቦታ ወደ ፊት እየሄዳችሁ ስትወርዱ፣ እግራችሁ ብቻውን ሁሉንም ጫና መዋጥ አይችልም። ስትንከባለሉ ወደ ታች የነበረው ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ጫናውም በእግር፣ በእጅ፣ በትከሻ፣ በጀርባና በዳሌ ላይ ይከፋፈላል። ስትነሱ እየሮጣችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በልጅነታችን ሣር ላይ የምንገለበጠው ዓይነት አይደለም። ያኛው በአከርካሪ አጥንት ላይ በቀጥታ ይሄዳል፤ አስፋልት ላይ ሞክሩት ብዬ ለጠላቴም አልመክርም። የፓርኩሩ ሰያፍ ነው። በቀኝ ትከሻ ከገባችሁ በግራ ዳሌ ትወጣላችሁ። ራስ መሬት አይነካም፤ አገጭ ተሰብስቦ ወደ ብብት ይታያል። መጀመሪያ ተንበርክካችሁ ሣር ወይም ፍራሽ ላይ ሥሩ። ከዚያ ቆማችሁ። ከዚያ እየሄዳችሁ። ሲሚንቶ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሠሩት የትኛው አጥንታችሁ እንደሚጎረብጥ ወዲያው ይነግራችኋል። ከሲሚንቶ የበለጠ ሐቀኛ አሠልጣኝ አላየሁም።

መሠረታዊዎቹ እንቅስቃሴዎች የትኞቹ ናቸው?

ስማቸው እንደየአገሩ ይለያያል። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛውን ይጠቀማል፤ እኔም እንዳመጣልኝ እላለሁ።

መሰናክልን በእጅ ተደግፎ ማለፍ «ቮልት» ይባላል። የመጀመሪያው ሴፍቲ ቮልት ነው፦ አንድ እጅና የተቃራኒው እግር ግንቡ ላይ ያርፋሉ፣ ሌላኛው እግር መሀል ገብቶ ያልፋል። ስሙ እንደሚለው አስተማማኝ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ግንቡን እንደነካ ነው። ስፒድ ቮልት በአንድ እጅ ብቻ፣ በጎን ተብሎ፣ ሩጫ ሳይቋረጥ የሚታለፍበት ነው። ኮንግ ቮልት ደግሞ ሁለቱን እጆች ግንቡ ላይ አሳርፎ እግሮችን በእጆች መካከል አሾልኮ ማለፍ ነው። ሲያዩት ያምራል። ጀማሪን የሚያስፈራው የእግር ጣት ግንቡ ከያዘው በግንባር መደፋት ስላለ ነው፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። መጀመሪያ ግንቡ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማረፍን ልመዱ፤ ማለፉ ይደርሳል።

«ፕሪሲዥን» ከአንድ ጠባብ ነገር ተነስቶ ሌላ ጠባብ ነገር ላይ ጸጥ ብሎ ማረፍ ነው። ሚስጥሩ ጠርዙ ላይ በእግር ፊት ማረፍ ነው። በመሀል እግር ያረፈ ሰው ይንሸራተታል። ዝላዩ ያጠረበት ደግሞ ቅልጥሙን ይመታል። የኔ ቅልጥም ላይ ያለው ጠባሳ ታሪኩ ይኸው ነው፦ ደክሞኝ ነበር፣ «አንዴ ብቻ» አልኩ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ቀረኝ። ከዚያ ወዲህ «አንዴ ብቻ» ስል ራሴን ከሰማሁ ጫማዬን እፈታለሁ።

«ካት ሊፕ» ዘሎ ግንብ ላይ መንጠልጠል ነው። እግር ቀድሞ ግንቡን ነክቶ ግፊቱን ይውጣል፤ እጅ ወዲያው ጠርዙን ይይዛል። እጅ ቀድሞ ከያዘ አካል እንደ በር ይወዛወዝና ጉልበት ከግንብ ጋር ይላተማል። ከተንጠለጠሉበት መውጣቱ «ክላይምብ አፕ» ነው፤ ብዙ ጠንካራ የጂም ሰዎች እዚህ ላይ ያፍራሉ። ፑል አፕ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከመሳብ ወደ መግፋት መሸጋገር ሌላ ነው።

«ዎል ራን» ግንብን በእግር ገፍቶ ወደ ላይ መድረስ ነው። ስሕተቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ሰው ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። «ቲክ ታክ» ግንብን በእግር ረግጦ አቅጣጫ መቀየር ነው። ሚዛን መጠበቅና በአራት እግር መሄድ ደግሞ ማንም ቪዲዮ የማይሠራላቸው፣ ግን ሁሉንም የሚሸከሙ ናቸው። አሥር ደቂቃ በአራት እግር ደረጃ ውጡና ውረዱ፤ በማግሥቱ ትከሻችሁ ያመሰግነኛል ወይ ይሰድበኛል።

ከምን ልጀምር?

ከማረፍ። ከደረጃ አንድ እርከን ላይ እየወረዳችሁ ሳይሰማ ማረፍን ተለማመዱ። ከዚያ መንከባለል፣ ሴፍቲ ቮልት፣ መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ላይ ፕሪሲዥን። ጎን ለጎን ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ መንጠልጠል፣ በአራት እግር መሄድ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሽንጥ በላይ ከሆነ ቦታ አትውረዱ ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል። ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። ሁለት ወር ሠርቶ «አሁን እችላለሁ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ጡንቻው ይችላል። ጅማቱ ግን ገና ወሬውን አልሰማም። የጉልበትና የተረከዝ ጅማት ሕመም የሚጀምረው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

በሳምንት ስንት ቀን?

ለጀማሪ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። በመካከሉ ዕረፍት ይኑር።

የተለየ ጫማ ያስፈልጋል?

ቀለል ያለ፣ ሶሉ ጠፍጣፋና የሚይዝ ጎማ የሆነ ማንኛውም ስኒከር ይሆናል። በጣም ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ጠርዙን እንዳትሰሙ ያደርጋችኋል፤ ቁርጭምጭሚትም በቀላሉ ይጠመዘዛል። ሶሉ መሀል ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ካለው ተዉት፤ የብረት ዘንግ ላይ እንደ በረዶ ነው የሚያንሸራትተው።

ጓንትስ?

አያስፈልግም። እጃችሁ ግንቡን መስማት አለበት። ቆዳው መጀመሪያ ይላጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል።

ፍርሃቱን እንዴት ነው የምታጠፉት?

አናጠፋውም። ይህን የሚመስል ትልቅ አለመግባባት የለም። የፈራ ሰው ይጠነቀቃል፤ የማይፈራ ትራሰር አብሬው መለማመድ አልፈልግም።

እኔ የማደርገው ፍርሃቱን መጠየቅ ነው። «የምፈራው አልችልም ብዬ ነው ወይስ ከፍ ስላለብኝ ብቻ?» መልሱን መገመት አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። ርቀቱን በእግር ኮቴ ለኩ። ያንኑ ርቀት መሬት ላይ በኖራ አስምሩና አሥር ጊዜ ዝለሉ። አሥሩንም ጸጥ ብላችሁ ካረፋችሁ አካላችሁ ይችላል፤ የቀረው ከፍታው ነው። ከአሥሩ ሰባቱን ብቻ ከሆነ ፍርሃታችሁ እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ ወደ ቤት ሂዱ። ከአሥር ሦስቱን የሚስት ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ የተሻለ አይሆንም።

ከፍታውም ደረጃ በደረጃ ነው። ጠርዙ ላይ መቆም ብቻ። ከዚያ መቀመጥ። ከዚያ ዝቅ ያለ ተመሳሳይ ቦታ ላይ መዝለል። እኔ አንድ ደንብ አለኝ፦ ሦስት ጊዜ ለመዝለል ተዘጋጅቼ ካልዘለልኩ ያን ቀን ጉዳዩ አብቅቷል። አራተኛው ላይ የሚዘለው እኔ ሳልሆን እልኬ ነው። በተለይ ጓደኛ «አይዞህ፣ ትችላለህ!» እያለ ካሜራ ደቅኖ ሲቆም በጣም ተጠንቀቁ።

ሌላም ነገር አለ። መውደቅንም ተለማመዱ። ፕሪሲዥን ስትሠሩ ሆን ብላችሁ አጭር አድርጉትና ጠርዙን በእግር ገፍታችሁ ወደ ኋላ በሰላም ውረዱ። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ሲዘል ትከሻው ዘና ይላል። የዘና ትከሻ ደግሞ ሩቅ ይዘላል።

የተለመደው ጉዳት ምንድን ነው?

የመዳፍና የቅልጥም መላጥ የዕለት ነው። ከዚያ ቁርጭምጭሚት መጠምዘዝ፣ የእጅ አንጓ፣ የጉልበት ጅማት። ብዙው ጉዳት የሚመጣው ሲያርፉ ነው። ከልምምዱ መጨረሻ አካባቢ፣ ሰው ደክሞ ሳለ ሲሆን ደግሞ አይቻለሁ። ያበጠና ክብደት የማይሸከም እግር ይዛችሁ «ያልፋል» አትበሉ፤ ሐኪም ይየው። ራሱን የተመታ ሰው ያን ቀን ከእንግዲህ አይዘልም፤ «ደህና ነኝ» ቢልም አይዘልም።

ዕድሜዬ ከ30 በላይ ነው። አልፎብኛል?

አላለፈም። የሰውነት ማሟሟቂያችሁ ረዘም ይላል፤ ዕረፍታችሁም እንዲሁ። በተረፈ ሚዛን መጠበቅ፣ መንከባለልና ዝቅ ያሉ ቮልቶችን ለመማር የሚከለክል ነገር የለም። እንዲያውም ትላልቆቹ ሰዎች ቶሎ አይቸኩሉም፤ ስለዚህ አጀማመራቸው ያማረ ነው።

ክብደቴ ብዙ ነው። መጀመሪያ ልቀንስ?

መጠበቅ አያስፈልግም። ግን ከላይ ያየነውን ሒሳብ አስታውሱ፤ ጫናው ክብደትን ነው የሚያባዛው። መውረዱን ለጊዜው ተዉትና ከመሬት ጀምሩ፦ በአራት እግር መሄድ፣ ዘንግ ላይ ሚዛን፣ ሴፍቲ ቮልት።

ሴቶች ይሠሩታል?

እንዴታ! የዓለም ሻምፒዮናው በሁለቱም ጾታ ነው የሚካሄደው። ቡድን የምትመርጡ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተመልከቱ፤ አሠልጣኙ ሴቶቹን ቀላሉ ግንብ ላይ ብቻ የሚያስቀር ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ልጄ ካልዘለልኩ አለ። ልከልክለው?

ብትከለክሉት ተደብቆ ይዘላል። ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው የለም።

ልጆች ስትፈልጉም ባትፈልጉም ይወጣሉ፣ ይንጠለጠላሉ። አሠልጣኝ ካገኛችሁ ጥሩ። ሲያሠለጥን ሄዳችሁ እዩት። ልጆቹ ዝቅ ባለ ነገር ላይ እየደጋገሙ ከሆነ፣ «አልችልም» ያለ ልጅ ካልተሳቀበት፣ እሱ ጋ ላኩት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ወደ ኋላ መገለባበጥ የሚያስተምር ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። አሠልጣኝ ከሌለ ደግሞ ከልጃችሁ ጋር ውል ግቡ፦ ከወገቡ በላይ ከፍታ የለም፣ ብቻውን አይለማመድም፣ ጫማው ይታሰራል።

ከቪዲዮ ብቻ መማር ይቻላል?

መስራቾቹ ያለ ቪዲዮም ተምረዋል፤ ግን ከዓመታት ጋር ነው፣ እርስ በርስ እየተያዩ። ቪዲዮ እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ የእናንተን ስሕተት ግን አያይም። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ራሳችሁን ቅረጹና በዝግታ ተመልከቱት። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከዚያ ያስተምራል። አብሯችሁ የሚሠራ አንድ ሰው ካገኛችሁ ግን ከመቶ ቪዲዮ ይሻላል።

መገለባበጥ (ፍሊፕ) መቻል አለብኝ?

የለባችሁም። አጥር ለማለፍ ማንም መገለባበጥ አስፈልጎት አያውቅም። ደስ ካላችሁ ተማሩት፤ ፍራሽ ባለበት ቦታ፣ ጂምናስቲክ ከሚያውቅ ሰው።

የሰው ግንብ ላይ ስለማመድ ጠባቂ ቢያባርረኝስ?

ሂዱ። ሰላም ብላችሁ፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ ሂዱ። ተከራክሮ ያሸነፈ ትራሰር የለም፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ በሩን ያዘጋል። በትህትና ያስረዳ ግን አንዳንዴ «በሉ እሺ፣ ሥሩ» ይባላል፤ ደርሶብኛል።

የግል ግቢ አትግቡ። የቀለም ግንብ ላይ ዎል ራን አትሥሩ፤ የጫማ አሻራው እንደ ፊርማችሁ ነው። ከመዝለላችሁ በፊት ግንቡን በእጅ ግፉት፣ ዘንጉን ነቅንቁት፣ አሸዋና የመስታወት ስባሪ ጥረጉ። የላላ ድንጋይ የምታገኙት እጃችሁ ላይ ይሁን እንጂ አየር ላይ ሳላችሁ አይሁን።

ስፖርት ነው ወይስ ሌላ ነገር? ውድድርስ አለው?

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ተከፋፍሏል። የጥንቶቹ ብዙዎቹ ፓርኩር ራስን የመግራት መንገድ ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር አይወዳደሩበትም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ መወዳደር ምን ክፋት አለው ይላሉ።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ብሪታንያ በ2017 ፓርኩርን እንደ ስፖርት በይፋ በመቀበል የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ፓርኩርን ወደ ራሱ ማስገባት ጀመረ፤ በ2018 መጨረሻ ባኩ ላይ ባደረገው ጉባኤ አጸደቀው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 ቶኪዮ ተካሄደ። ውድድሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፍጥነት ነው፤ መሰናክሎቹን ማን ቀድሞ ያልፋል። ሁለተኛው ፍሪስታይል ነው፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ።

ብዙ የፓርኩር ማኅበራት ይህን አልወደዱትም። «እኛ ያሳደግነውን ልጅ ሌላ ሰው በስሙ አስመዘገበው» ዓይነት ቅሬታ ነው። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ግን በግማሽ ልብ። ውድድሩን ስመለከት ልጆቹ የሚያደርጉት ነገር አፍ ያስከፍታል። ውድድሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ ዝቅተኛው ግንብ ነው የሚመለሱት።

ዝናብ ሲዘንብስ?

እርጥብ ብረት ላይ አትዝለሉ። እርጥብ ሻካራ ሲሚንቶ ይይዛል፤ ለስላሳው፣ ቀለም የተቀባውና ሻጋታ የያዘው አይይዝም። አንድ እግራችሁን መሬት ላይ ትታችሁ የሌላኛውን ጫማ ጠርዙ ላይ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ከሾለከ የዕለቱ ልምምድ በአራት እግር መሄድና መንጠልጠል ነው። ልብስ ቅያሪ ያዙ።